የዳኛው ጢምና የዶክተሩ ጭምብል

ዳኛው የሚባለው ጎረቤቴ ሰነፍ አልነበረም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው እንቅልፋም እያለ የሚያማው ሰው እስከ ዛሬ ስላለና በሰማሁት ቁጥር ስለሚያንገበግበኝ ነው። ቀሐ አካባቢ አንድ ግድግዳ ተጋርተን ብዙ ዘመን ጎረቤት ነበርን። እሱ የጭነት መኪና ሹፌር፣ እኔ የሆስፒታል ነርስ። የጭቃ ግድግዳ ምሥጢር አይቋጥርምና በቤታቸው የሚሆነውን ሁሉ ወደድሁም ጠላሁም እሰማ ነበር።

ዳኛው እንደሚያንኮራፋ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ልጆች ድምፁን እያስመሰሉ ይስቁበታል፤ አልዋሽም፣ እኔም ስቄያለሁ። የሚያስፈራው ግን ማንኮራፋቱ ሳይሆን ዝም ሲል ነው። እየጎተተ እየጎተተ ይመጣና ድንገት ትንፋሹ ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ ሚስቱ ባንቺአየሁ ጎኑን በክርኗ ትመታውና «ተንፍስ እንጂ፣ አንተ ሰው!» ትለዋለች። እሱም ከውኃ ውስጥ እንደ ወጣ ሰው አየሩን ይስባል፤ ከዚያ ያው ይቀጥላል። ሴትዮዋ ባሏን እንዲህ ስትቀሰቅስ ነው ያረጀችው።

ሌሊቱን ከትንፋሹ ጋር ሲታገል ያደረ ሰው ቀን ምን ይሆናል? ጉርሻውን በእጁ እንደ ያዘ ያሸልባል። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ያሸልባል። ቀበሌ ስብሰባ ላይም ያሸልባል፤ በደርግ ጊዜ ደግሞ ይህ እንደ ቀላል ነገር አይታይም። አንድ እሑድ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ካሣዬ ስለ ምርት ዘመቻ ሲናገር ዳኛው ከኋላ ወንበር ላይ ማንኮራፋት ጀመረ። ሰው ሳቁን በነጠላው አፈነ። ካሣዬ ንግግሩን አቋርጦ፣ «ጓድ ዳኛው፣ ሰፊው ሕዝብ ሲነቃ አንተ ትተኛለህ?» አለና አስነሥቶ አቆመው። ዳኛው ቆሞም አሸለበ።

ትልቁ ጥፋት የደረሰው ሊማሊሞ ላይ ነው። እህል ጭኖ ወደ አዲ አርቃይ ሲወርድ ከመጠምዘዣዎቹ በአንዱ ላይ እንቅልፍ ጣለው። ረዳቱ ዘሎ መሪውን ባይዝለት ኖሮ ገደል ገብተው ነበር፤ መኪናው የመንገዱን የድንጋይ ጠርዝ ታክኮ ቆመ። ከዚያ ወዲያ መሪ እንዳይነካ ተደረገና አዘዞ አንድ ጋራዥ በር ላይ ዘበኛ ሆነ። እንቅልፋም ያሉትን ሰው ዘበኛ ማድረግ እንግዲህ የአለቆቹ ብልሃት ነው። ዳኛው መንዳት ነፍሱ ነበርና ውርደቱ ከበሽታው ብሶ በላው። አንገቱን ደፍቶ መሄድ የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ደጄ ላይ ጠብቆ አገኘኝ።

«ሲስተር፣ እኔ ሸጋ ሹፌር ነበርሁ። ይህ ነገር በሽታ ነው ወይስ መተት?»

«በሽታ ነው የሚመስለኝ። ነገ ና፣ ለዶክተሩ ላሳይህ» አልሁት።

ዶክተሩ ሊያስተምር የመጣ ፈረንጅ ነው፤ አንገተ ወፍራም፣ ሳቂታ። ዳኛውን መርምሮ፣ እኔ የማንኮራፋቱን ነገር ስተረጉምለት ከት ብሎ ሳቀ። ለካስ እሱም ያው በሽታ ነበረበት። ሲተኛ ጉሮሮው እየተዘጋ ነው፤ እንዲህ ሲኖር ልብ ይደክማል፤ ክኒን አያድነውም አለን። ያለው መላ አንድ ብቻ ነው፤ ሲተኛ አየር በአፍንጫው እየገፋ ጉሮሮውን ከፍቶ የሚያሳድር መሣሪያ። የእሱን ከአገሩ ይዞ መጥቶ ነበር። ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል፣ እዚያ አዲስ እገዛለሁ ብሎ አሮጌውን ለዳኛው ሰጠው። ባንቺአየሁ የዶክተሩ በር ድረስ ሄዳ እግሩን ልትስም ስትል ሰውየው ደንግጦ ወደ ኋላ ሸሸ።

መሣሪያው የልብስ ሻንጣ የሚያህል ብረት ነው፤ ሲሠራ እንደ ወፍጮ ያጉረመርማል። ከእሱ ረጅም ቱቦ ይወጣል፤ በቱቦው ጫፍ አፍንጫና ከንፈር አናት ላይ የሚደፋ የጎማ ጭምብል አለ፤ ጭምብሉ በጭንቅላት ዙሪያ ይታሰራል። ዶክተሩ አንድ ነገር ደጋግሞ ነግሮን ነበር። ጭምብሉ ፊት ላይ ልክክ ካላለ፣ በጠርዙ አየር ካስወጣ፣ ነገሩ ሁሉ ከንቱ ድካም ነው ብሎናል።

መከራችን ከዚህ ጀመረ። በመጀመሪያው ጠዋት ዳኛው ዓይኑ ደም መስሎ መጣ። አየሩ በጠርዙ እየሾለከ ዓይኑ ላይ ሲነፋበት አድሯል።

«ይተነፍሳል» አለኝ፣ ስለ ጎማ እንደሚናገር። «እንደ ተበሳ ጎማ ይተነፍሳል። ፊሽካም አለው።»

ማሰሪያውን አጠበቅነው። ፊሽካው ቀነሰ፤ የአፍንጫው አጥንት ላይ ግን ቆዳው ተልጦ ቆሰለ። ቁስሉ እንዲሽር አላላነው፤ ፊሽካው ተመለሰ። ጥጥ በሻሽ ጠቅልዬ ጠርዙን አለበስሁት፤ ጥጥ አየር እንደማይዝ ለማወቅ ነርስ መሆን እንኳ አያስፈልግም ነበር። ፕላስተር ለጠፍሁበት፤ ጠዋት ስናነሣው ጢሙን ነቅሎ ተነሣና ዳኛው እናቴን ሳይቀር ሰደበ። ከጋራዥ አሮጌ ከመነዳሪ፣ የጎማ ውስጥ ላስቲክ፣ አምጥቶ በልኩ ቆርጦ በማስቲሽ አጣበቀ፤ ሽታው ራሱን አዞረው። ባንቺአየሁ ደግሞ ተልባ ቀቅላ ዝልግልጉን ጢሙና የጭምብሉ ጠርዝ ላይ ቀባችው። ይሄ ሠራ፤ ግን ተልባው እስኪደርቅ ድረስ ነው። ሲደርቅ ተሰነጣጠቀና አየሩ በየስንጥቁ ወጣ፤ ዳኛው ጠዋት ገንፎ የተደፋበት መስሎ ተነሣ። ቅቤ ሞከርን፤ ጭምብሉ እየተንሸራተተ ግንባሩ ላይ ወጣ። በዚህ ሁሉ ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር መሣሪያው ይቆማል።

«በሰው ወርቅ አይደምቁ» ይል ጀመር ዳኛው። «ይህ ለፈረንጅ አፍንጫ የተሠራ ነው። የኔ አፍንጫ ሰፊ ነው።»

እኔም አመንሁት። ዶክተሩ ሄዷል፤ ጭምብል የሚሸጥበት አገር የት እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ሰው መድኃኒቱን ቤቱ አስቀምጦ ሲታነቅ ማየት ምን ያህል እንደሚያበሳጭ ያየ ያውቀዋል። እኔ በንዴት የማሰሪያውን ዘለበት አንዴ መሬት ላይ ወርውሬ ሰብሬዋለሁ፤ ከዚያ ቁጭ ብዬ በክር ሰፋሁት።

የጭምብሉን ምሥጢር የፈታልን፣ አይጣል ነው፣ ካሣዬ ነው። ከጎረቤት አንዱ ዳኛው ቤት ሬዲዮ ያጉረመርማል፣ ለወንበዴ ወሬ ያቀብላል ብሎ ለቀበሌ ነገረ። ካሣዬ አብዮት ጥበቃዎቹን አስከትሎ በጠራራ ፀሐይ መጣ። እኔ ተጠርቼ ነገሩን በዝርዝር አስረዳሁ። አላመነኝም። «አስነሡት!» አለ፤ አስነሣነው። ቱቦውን አገላብጦ አየ፤ ጭምብሉን ቀና ደፋ አደረገው። በመጨረሻ ማንንም እንደማያምን ሰው ራሱ አፍንጫው ላይ ደፋው።

ፊሽካ የለ፤ ንፋስ የለ። ጭምብሉ ካሣዬ ፊት ላይ ልክክ አለ። የካሣዬ አፍንጫ ደግሞ ከዳኛው ይሰፋል። ካሣዬ ፊቱን በየማለዳው እንደ እንቁላል የሚላጭ ሰው ነው፤ ዶክተሩም እንደዚያው ነበር። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የበራልኝ፤ አየሩ የሚያመልጠው በዳኛው ጢም ሥር ነው። በዚያ ቤት ከነበርነው ሰዎች መካከል ጭምብሉ የተስማማው የካሣዬ ፊት መሆኑ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ምክንያቱም ያ ጢም የልጁ ጢም ነው። ዳኛውና ባንቺአየሁ ያላቸው ሰጠኝ የሚባል አንድ ልጅ ብቻ ነበር። ካሣዬ ኮታው ጎደለበትና ልጁን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከመንገድ አፍሶ ለብሔራዊ ውትድርና ላከው። ኤርትራ ገባ ተባለ፤ ከዚያ ወሬው ጠፋ። ዳኛው ቀሐ ኢየሱስ ሄዶ ተሳለ። ልጄን በዓይኑ ያየ ሰው መጥቶ ደህና ነው እስኪለኝ ድረስ ፊቴን ምላጭ አይነካውም አለ። ጢሙ ደረቱ ላይ ወረደ። ሰፈሩ ሁሉ ያንን ጢም ያከብረዋል፤ እኔም በፕላስተር ስነቅለው እንኳ ላጨው ለማለት አልደፈርሁም ነበር።

አሁን ግን ደፈርሁ። ካሣዬ እንደ ወጣ ባንቺአየሁን ይዤ ለመንሁት።

«አያ ዳኛው፣ እግዚአብሔር ታፍነህ ሙት ብሎ ስለት አይቀበልም። ላጨው።»

«ምነው ሲስተር፣» አለኝ ጢሙን በመዳፉ ሸፍኖ። «ምላጩ ልጄን ቢነካብኝሳ?»

ነፍስ አባቱ መጥተው ስለቱን እፈታልሃለሁ አሉት። እንቢ አለ። ባንቺአየሁ አለቀሰች፤ እንቢ አለ። እግሩ ማበጥ ጀመረ፤ ከቀሐ ወደ ፒያሳ ያለችውን አቀበት ሲወጣ ቆም ቆም እያለ ያለከልካል። እንዲህ ከቀጠለ ዓመቱን እንደማይዘልቅ ሁላችንም አወቅን። መላው ደግሞ እዚያው አልጋው አጠገብ ተቀምጧል።

የባንቺአየሁ ታላቅ ወንድም አስማረ ይባላል። ሁላችንም አያ አስማረ የምንለው፣ የእድራችን ሰብሳቢ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ ማውራት ይቀለኝ ነበር። ሐዲስ የሚባል የዳባት ልጅ እግሩን ቆስሎ ከግንባር ሲመለስ መጀመሪያ የሄደው ወደ አያ አስማረ ቤት ነው። ሰጠኝ ሞቷል አለ። አብሮት ነበር፤ በእጁ አፈር አልብሶታል።

በአገራችን መርዶ ሥርዓት አለው። ለታመመ ሰው አይነገርም፤ እስኪድን ይቆያል፤ ከዚያ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ያረዳዋል። አያ አስማረ ሽማግሌዎቹን ጠርቶ መከረ። ዳኛው በዚህ ልቡ ይህን ቢሰማ ሁለት ሬሳ ነው ተባባሉ። ይዳን አሉ። እንዲድን ጭምብሉ መያዝ አለበት። ጭምብሉ እንዲይዝ ጢሙ መላጨት አለበት። ጢሙ እንዲላጭ ሰጠኝን በዓይኑ ያየ ሰው መጥቶ ደህና ነው ማለት አለበት። ያየው ሰው ደግሞ እጃቸው ላይ ነው። ለባንቺአየሁ አልነገሯትም፤ እኔን በሽታውን የማውቀውንም አልጠየቁኝም። ሽማግሌ ሲመክር ሴት አይጠራም፤ ቢጠሩን ኖሮ ተዉ ባልናቸው ነበር።

ሐዲስ በክራንች እያነከሰ ከሰዓት በኋላ ብቻውን መጣ። እኔ እዚያው ቤት የዳኛውን እግር እያሸሁ ነበር።

«አያ ዳኛው፣ ሰጠኝን አይቸዋለሁ። ደህና ነው። አስመራ ማኪና ያሽከረክራል። ሰላም በልልኝ ብሎሃል» አለ።

ሲናገር ዓይኑን ከመሬት አላነሣም፤ የቆሰለው እግሩ አሳፍሮት መሰለኝ። ዳኛው ተንደርድሮ ጉልበቱን ሳመው። «ማኪና! እንዳባቱ!» አለ፤ ይህን ቃል እየደጋገመ ጎጆው ውስጥ ተንጎራደደ። ባንቺአየሁ እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤት ሁሉ እልልታውን ሰምቶ ሲገባ ዳኛው በሩ ላይ በርጩማ አውጥቶ ተቀምጦ ጢሙን በሳሙና አርሶ ነበር። ምላጩን የያዝሁለት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ግድግዳውን አንኳኩቶ ጠራኝ። ጉንጩ ላይ የማሰሪያው ሰምበር ነበረበት፤ ዓይኑ ግን እንደ ልጅ ዓይን ጠርቷል።

«ሲስተር፣ ሕልም አየሁ! ሕልም ካየሁ ስንት ዘመኔ!»

እውነቱን ለመናገር ያን ቀን አለቀስሁ። ጭምብሉ ያዘ፤ ያለ ጥጥ፣ ያለ ተልባ ያዘ። የእግሩ እብጠት ጎደለ፤ አቀበቱን ሳያርፍ ወጣ። ጋራዡ ግቢ ውስጥ መኪና ማስጠጋት ፈቀዱለት። ቀበሌ ስብሰባ ሄዶ ነቅቶ አዳመጠ፤ ነቅተው ሲሰሙት የካሣዬ ንግግር ይበልጥ እንደሚያስተኛ ነገረኝ። ማንም ሰው እንዲህ ሲድን አይቼ አላውቅም። አያ አስማረም ያይ ነበር። እያየ ቀኑን ይጠብቅ ነበር።

አንድ ማለዳ በራቸው ላይ የሰው እግር ኮቴ በዛ። ወጥቼ ሳይ ሽማግሌዎቹ፣ ነፍስ አባቱ፣ ጥቁር የለበሱ ሴቶች ቆመዋል፤ ከፊታቸው ሐዲስ በክራንቹ ላይ ተደግፏል። ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። ዳኛው ፊቱን ታጥቦ ወጣ። አያ አስማረ የሚባለውን አለ።

ባንቺአየሁ መሬት ላይ ወደቀች። ሴቶቹ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። ዳኛው ግን እጁን አንሥቶ ሁሉንም ጸጥ አደረገና ሐዲስን አየው።

«አንተ ደህና ነው አላልኸኝም?»

«ዋሽቸ ነው አያ ዳኛው። በል ብለውኝ ነው። ሰጠኝን በእጄ ነው የቀበርሁት።»

«ያን ጊዜ ስትመጣ ብቻህን ነበርህ። አጠገብህ ማንም አልቆመም። ዛሬ ይህ ሁሉ ሽማግሌ ከኋላህ ቆሟል። ታዲያ በል የተባልኸው የቱን ጊዜ ነው?»

አያ አስማረ ጣልቃ ገባ፣ «ዳኛው፣ ወንድሜ፣ ያስዋሸሁት እኔ ነኝ። ለልብህ ፈርቸ ነው።»

«አያ አስማረ፣ ለልቤ ብለህ አንዴ ከዋሸኸኝ የዛሬውን በምን ልመንህ?»

መንግሥት የሰው ልጅ ወስዶ ሞተ አይል፣ አለ አይል፤ የሚታይ መቃብር የለ፣ የሚዳሰስ ልብስ የለ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እኔ በእነሱ ፋንታ አፈርሁ፤ ከዚያ ኀፍረቱ ወደ ንዴት ተለወጠብኝ። ለሰው ደግ ሠራን ብለው ሰውየው እውነትን የሚያውቅበትን አንዱን መንገድ ዘግተውበታል።

ዳኛው ድንኳን አታስጥሉም አለ። በሕይወት ላለ ልጅ አይለቀስም፣ ሟርት ነው አለ። ለቅሶው አያ አስማረ ቤት ሆነ፤ አባትየው አልሄደም። የአገሩ ወንድ፣ ልጁ ሲሞትበት፣ ጢሙን ያሳድጋል፤ እሱ ግን ያን ጠዋት ሰዉ ገና ከበሩ ሳይበተን ምላጭ አውጥቶ ተላጨ። ከዚያም በኋላ በየጠዋቱ ይላጫል። ጢም ካሳደግሁ ሞቷል ብየ አመንሁ ማለት ነው አለኝ። ስለዚህ ጭምብሉ በየሌሊቱ ልክክ ይላል። ይተኛል፤ ወፈረ፤ ቀለሙ ተመለሰ። በመጨረሻም መሪውን መለሱለት። አስመራን የሚያውቅ ሹፌር ባገኘ ቁጥር ሰጠኝ የሚባል ልጅ አይተሃል ወይ እያለ ይጠይቃል፤ አላየሁም ሲሉት ከተማው ትልቅ ነው ብሎ ይስቃል።

ባንቺአየሁ ሆስፒታል ድረስ መጣችብኝ፤ ቤቴ አንድ ግድግዳ ማዶ ሆኖ ሳለ። ራሷን ተላጭታለች፤ ጥቁር ለብሳለች። እቤቷ ማልቀስ ተከልክላለችና ለቅሶዋ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀርቷል። እንቅልፍ የሚያስወስድ ነገር ስጪኝ አለችኝ። ክኒን አውጥቼ በወረቀት ስጠቀልል ታየኝ ነበር።

«ሲስተር፣ ይሄስ ይቅርብኝ» አለች በመጨረሻ። «ያን ጭምብል እንዲያፈስ አድርጊልኝ። ጠርዙን በመቀስ ሸርከት አድርጊው፤ አንቺ ብታደርጊው አያውቅም። ይታፈንና ይንቃ። እኔ እመታዋለሁ፣ ተንፍስ እለዋለሁ፤ እንደ ድሮው አብረን ቁጭ ብለን እናድራለን። ከጎኔ ሰላም ብሎ ሲተኛ ሳየው ልጄ የሞተው ለኔ ብቻ ይመስለኛል።»

መቀሱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ክኒኑን እጇ ላይ አደረግሁና ጣቶቿን በላዩ ላይ አጠፍሁላት፤ እሷም ሳታመሰግነኝ ወጣች።